ለአሥራ ሁለት ሲካፈል

የፋብሪካው መግቢያ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠዋት ስንገባ እርስ በርስ ሰላም ሳንባባል የምናየው እሱን ነው። የየጠረጴዛው ቁጥር በሰማያዊ ይጻፍበታል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ታች ሲሆን ቀይ ነው። እኔ ያንን ሰሌዳ እጠላዋለሁ። ሰው ብጠላ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ይቅር በይ ይሉኝ ነበር፤ ሰሌዳ መጥላት ኃጢአት ነው ያለኝ ግን እስካሁን የለም።

ሥራችን ሻርፕ መቋጨት ነው። ሸማኔዎቹ ወንዶች ናቸው፤ በታችኛው አዳራሽ ይሸምናሉ። ሻርፑ ተቆርጦ ሲመጣልን ሁለቱም ጫፎቹ ልቅ ክር ናቸው። ክሩን በትንሽ በትንሹ እንከፍላለን፣ ሁለቱን በመዳፋችን እናከራለን፣ እርስ በርስ እንጠመዝዛለን፣ ጫፉን እንቋጥራለን። እንዲህ እየተደረገ ከዳር እስከ ዳር ዘርፍ ይወጣለታል። ቆሞ ለሚያይ ሰው ሥራ አይመስልም። ከምሳ በኋላ መዳፍ ይደርቅና ክሩ እየተንሸራተተ ያስቸግራል፤ ቅባት መንካት ደግሞ ክልክል ነው፣ ሻርፑን ያቆሽሻል። ሻርፑ ውጭ አገር ይሸጣል። የት አገር እንደሆነ አልነገሩንም፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እኔ ማንበብ አልችልም።

በአንድ ጠረጴዛ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። እኔን ያስገባችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት። አባቴ ሲሞት ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ጫኖ ካለው ቤታችን ወስዳ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወደተከራየቻት አንድ ክፍል ቤት አመጣችኝና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ከዚያ በፊት እሷ ራሷ ባሏ ሲሞትባት ላንቴ በሚኖረው በአጎቴ፣ በትልቁ ወንድሟ ግቢ ገብታ ኖራለች። የወንድሟ ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን አክስቴ ጨው ስታነሳ የጨው ዕቃውን፣ ዘይት ስታነሳ የዘይቱን ጠርሙስ ታያለች። አክስቴ ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል ሲባል ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ወጣች። ሁለተኛ የሰው ማድቤት ገብቼ የሰው ድስት አላጥብም ትል ነበር። ይህን ስትል አትቆጣም፤ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው የምትናገረው። ግን ከዚህ ሌላ ከሕይወት የምትፈልገውን ነገር ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

እጇ ግን እየከዳት ነበር። የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውኃ ውስጥ ሳትነክራቸው ቁልፍ መቆለፍ አትችልም። የጠረጴዛችንን ግማሽ ሴት መቋጨት ያስተማረችው እሷ ናት። እኛ ሃያ ስንቋጭ እሷ ዘጠኝ ብትቋጭ ነው። የቀን ኮታ አሥራ አምስት ነበር፤ ከዚያ በታች ሦስት ቀን የወረደች ሴት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጣታል።

አክስቴ ግን ደብዳቤ ደርሷት አያውቅም። በእኛ አገር ሴቶች ጥጥ ሲፈትሉ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ዛሬ የአንዷን ጥጥ ሁሉም ይፈትላል፣ ሌላ ቀን የሌላዋን። ብዙ የፈተለችውም ጥቂት የፈተለችውም ከበቆሎና ከጎመን የሚሠራውን ፎሰሴ እኩል በልታ ትሄዳለች። እኛም ይህንኑ ፋብሪካ አመጣነው፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እኔ ስገባ ነበረ። ሥራ ሊያልቅ ሲል የተቋጨው ሁሉ ጠረጴዛው መሐል ይከመራል፣ ከዚያ ለአሥራ ሁለት ይካፈላል፣ ሁላችንም እኩል ቁጥር ፎርሙ ላይ እናስሞላለን። ልጇ የታመመባት፣ ወገቧን የሚያማት፣ ሐዘን ቤት አምሽታ የመጣች ሴት በዚህ ታልፋለች።

ሆኖም ያለ ጭቅጭቅ አልነበረም። እኔ ባለፈው ሰጥቼሻለሁ፣ አልሰጠሽኝም የሚባል ነገር ይነሳል። በኋላ ይጻፍ ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ወሬ አላወጣም፣ ጽሑፌም ይነበባል። አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ። ከመከመሩ በፊት እያንዳንዷ በእውነት የቋጨችውን በየቀኑ ጻፍኩ። ስም አልጻፍኩም፤ ደብተሩ ቢያዝ ስም መኖሩ ጥሩ አይደለም ስላሉኝ በአቀማመጣችን ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ሰጠኋቸው። አክስቴን ብቻ ቁጥር መስጠት አፈርኩ። ያሳደገችኝን ሴት አሥራ ሁለት ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ «አክ» ብዬ ጻፍኩ። የእሷን ዕዳ ማንም ስለማይጠይቃት ቁጥሯ ለምንም አያስፈልግም ነበር። ዝም ብዬ ነው የምጽፈው፣ መስመሩ ባዶ እንዳይሆን።

እንዲህ እያለን ነው ኃላፊው ግቢው ውስጥ ሰብስቦ ገዢዎቹ የሻርፑን ዋጋ ቀነሱ ያለን። ኃላፊው የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ሴቻ ሰፈር ያደገ። ቋንቋችንን ይሰማል፣ እኛ ስንናገር ግን እንዳልሰማ ሆኖ በአማርኛ ንገሩኝ ይላል። ያን ቀን ዋጋው ስለቀነሰ በርቱ አለ። በረታን። ለሽንት የምንወጣበትን አሳጠርን፣ ምሳ በልተን ሳናርፍ ተመለስን። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ ቀስታችን ቀይ ሆነ። የበለጠ በረታን። አሁንም ቀይ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊው ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሞ፣ እናቴ ሸማ ስትቋጭ ነው ያሳደገችኝ፣ ሴት ስትለግም አውቃለሁ አለን። ዞሮ ሲሄድ ከጎኔ የምትቀመጠው የጨንቻ ሴት፣ እናቱ እኛን ብታይ ኖሮ እሱን ባልወለደችው ነበር አለች በጋሞኛ። ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ በሩ ላይ ሳለ እንዲሰማት።

ከዚያ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጣ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥሏል። ሦስት ቀን ከኋላችን እየቆመ ጊዜ ያዘ። የእኔን ሲለካ ሁለት ጊዜ ክር በጠስኩ፣ እሱም ጻፈ። በአራተኛው ቀን ሰብስቦ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ አስረዳን። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አስረድቶን አያውቅም ነበር። የቀኑ ሻርፕ በዋጋው ይባዛል፣ ከዚያ ለጠረጴዛው ሰው ይካፈላል። ይህ ምርታማነት ይባላል አለ። አንዲት ሴት በቀን ስንት ብር ታመርታለች ማለት ነው።

የጨንቻዋ ሴት እጇን አወጣች። «ብሩን የምናመርተው እኛ ከሆንን ማታ ማታ ለምን ባዶ እጃችንን እየፈተሻችሁ ታስወጡናላችሁ?»

ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ባለሙያውም ትንሽ ፈገግ አለ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ቀጥሎ የተናገረው እሱ ነው፤ ቀስቱ ቀይ እንደሆነ የሚቆይ ጠረጴዛ በወሩ መጨረሻ ሰው ይቀነስበታል አለ። ማን እንደሚቀነስ ተጠየቀ። የሚለግመው አለ።

አክስቴን አየኋት። እጇን ነጠላዋ ሥር ከታዋለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አክስቴ ትንሽ ጋደም አለች። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ገለጥኩ። ማካፈል ትምህርት ቤት የምወደው ነገር ነበር፤ ዝም ብሎ ስለሚሠራ፣ አፍ ስለማያስፈልገው። ዋጋው ከመቀነሱ በፊት የነበረውን አንድ ቀን ወሰድኩ። ጠረጴዛው ሁለት መቶ አራት ቋጭቷል። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል አሥራ ሰባት። ከዚያ ያለፈውን ዓርብ ወሰድኩ፤ ሁለት መቶ አርባ ነው። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ሃያ። ሌሎቹንም ቀናት ሠራሁ፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። በአሥራ ሰባት ጊዜ ቀስቱ ሰማያዊ ነበር፣ በሃያ ጊዜ ቀይ ሆነ። ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። እኛ ጨምረናል፤ የወረደው ዋጋው ነው። እኛ የማናውቀው ሰው እኛ የማናውቀው አገር ተቀምጦ ዋጋ ሲቀንስ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ያለች ሴት ሰነፈች ተብሎ በቀይ ይጻፍባታል። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

አክስቴ ስትነሳ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፣ ግን ስነግራት ወዲያው ገባት። ይህንንማ እኔም እጄ ላይ አውቀዋለሁ አለች። ለኃላፊው ልንገረው ስላት ፊቷ ተለወጠ። ቁጥር ይዘሽ ቢሮ እንዳትገቢ፣ እነሱ ቁጥር ሲያዩ የሚወስዱት የሚፈልጉትን ነው አለችኝ። እሺ አልኳት።

እሺ ያልኩት ግን ዋሽቼ ነው። ሰው ይቀነሳል የተባለው ከራሴ አልወጣ አለ። ስሟ ተጠርቶ፣ ማዳበሪያ ከረጢቷን ይዛ ላንቴ ስትወርድ ይታየኝ ነበር። ጠረጴዛው ሰነፍ እንዳልሆነ ካወቁ ማንንም አይቀንሱም ብዬ አመንኩ። ጅልነት ነው፤ ያኔ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ደብተሩን ማሳየት እንደሌለብኝም አውቅ ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ወረቀት ላይ የጠረጴዛውን ድምር ብቻ ገለበጥኩ፤ ቀኑን፣ ድምሩን፣ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል የሚመጣውን። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ሰኞ ምሳ ሰዓት ቢሮ ሄድኩ። ደብተሩ እንደ ሁልጊዜው ጋውኔ ውስጥ ነበር።

ኃላፊው ምሳውን እየበላ ነበር፤ ባለሙያው ላፕቶፑ ላይ ነው። በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ምን ፈለግሽ አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። እየበላ አነበበው።

«ይህን ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የድሮውን ከየት አመጣሽው? ፎርሙ ያለው እኛ ጋ ነው።» መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ባለሙያው ዞረ። «ሒሳብ ሹም መጥታልናለች። ከራሷ ፈጥራ ጽፋ ነው የመጣችው።»

ሳቀ። ወረቀቱን የበላበት ሳህን አጠገብ ጣለው፤ ጥጉ ወጥ ነካው። እኔ ሰው ሲስቅብኝ መሬት ነው የማየው፤ ልጅ ሆኜም እንደዚያ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ውሸታም መባሉ አንገበገበኝ። ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳልዘል የጻፍኩትን ፈጥራ ነው አለኝ። እጄን ጋውኔ ውስጥ ከትቼ ደብተሩን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከእጄ ሲወጣ ያደረግሁትን አወቅሁ። መልሼ ላነሳው ስል መዳፉን ጫነበት።

ገጽ ገጹን ገለጠ። ከዚያ ለባለሙያው አሳየው። ባለሙያው ወንበሩን አስጠግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ፎርሙ ላይ ሁሉም እኩል የሚሆኑበት ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር አለ፤ ለካ እውነተኛው እዚህ ነው። በስልኩ ገጾቹን ፎቶ አነሳ። ከዚያ ወረቀቴን ከሳህኑ አጠገብ አንስቶ ከደብተሩ ጋር አስተያየ።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለ። «በሻርፕ ከቆጠርከው ጨምረዋል።»

አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ደስታ ያሳፍረኛል።

«ገዢው በሻርፕ ቁጥር አይደለም የሚከፍለኝ» አለ ኃላፊው። «እኔ ከላይ የምጠየቀው በዚህ ሰሌዳ ነው። ቁጥሩን መመለስ አለብኝ።»

ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እስክርቢቶ ወስዶ ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በላይ ዋጋውና ሻርፑ ነው አለ፤ ዋጋው በእጅህ አይደለም። ከመስመሩ በታች ሰው ነው። ያ በእጅህ ነው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። የታችኛው ሲያንስ መልሱ እንደሚያድግ ስድስተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ፤ ከሁሉም በፊት ገባኝ።

ኃላፊው ደብተሩ ላይ ከታች ያለችውን መስመር በጥፍሩ ነካ። «ሌላው ሁሉ ቁጥር ነው። ይቺ አክ ማን ናት?»

ኃላፊው በቢሮው መስታወት ወደ ጠረጴዛችን አየ። ሴቶቹ ምሳ በልተው እየተመለሱ ነበር፤ አክስቴ ጣቶቿን እየዘረጋችና እያጠፈች ትቀመጣለች። በእኔና በእሷ መካከል ያለውን ዝምድና የማያውቅ ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ማን እንደሆነች ለባለሙያው እሱ ራሱ ነገረው። አሥራ ሁለት ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ማን የት እንደምትቀመጥ ሲጠይቅ ሴቶቹ ቦታ ተለዋውጠው ያሞኙት ነበር። ከዚያ በፊትም አድርገውታል። እኔ ግን ክብር ብዬ ከአሥራ አንዱ ለይቼ አስቀመጥኩለት።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ደብተሬን በብብቱ ይዟል። ከአክስቴ አጠገብ ቆሞ በጣም በትሕትና ተናገረ፤ ከስድብ ይልቅ ያ ትሕትናው ነው የሚያቅለሸልሸኝ።

«እማማ፣ ብዙ ደክመዋል። እንግዲህ ይረፉ።»

«ደከመኝ ብዬሃለሁ?» አለችው አክስቴ።

«በቀን ዘጠኝ ነው የሚቋጩት። ተጽፏል።»

ደብተሩን ከፍ አደረገው። ሰማያዊውን ሽፋን አሥራ ሁለታችንም እናውቀዋለን። አክስቴ እሱን አላየችውም፤ እኔን አየችኝ። ብዙም አላየችኝም። በእጇ የያዘችው ሻርፕ አንዱ ጫፍ ተቋጭቶ ሌላው ግማሽ ደርሶ ነበር። እንደዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታው ተነሳች። ልቅ ሆኖ የቀረውን እኔ ቋጨሁትና በእኔ ተቆጠረ።

በማግሥቱ ጠዋት ቀስታችን ሰማያዊ ነበር። ከዚያ በፊት ከነበረው ቀን ያነሰ ሻርፕ ነው የቋጨነው፤ የተካፈለው ግን ለአሥራ አንድ ነው። ኃላፊው ሰሌዳው ሥር ቆሞ እያያችሁ ነው አይደል አለን።

ቤት ውስጥ አክስቴ ሦስት ቀን ምግብ አብስላ ሰጠችኝ፣ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ልብሷን ስትከት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ለምን ስሜን አልጻፍሽውም፣ ለምን ቁጥር አልሰጠሽኝም አለች። ነውር መሰለኝ አልኳት።

«ነውሩ ይሻለኝ ነበር» አለች።

ላንቴ ወረደች። ቤቱን ከአንዲት ልጅ ጋር ተጋርቼ ቀረሁ።

መከመር ተከለከለ። በየሴቱ ፊት ቁጥር የተለጠፈበት ቅርጫት ተቀመጠ፤ አንዷ ከአንዷ ቅርጫት ክር እንኳ ብታነሳ ደብዳቤ ይጻፍባታል ተባለ። ባለሙያው ሲሄድ ሰዓቱን ለእኔ ተወልኝ። በየሳምንቱ እየለካሁ እንድጽፍ ኃላፊው አዘዘኝ፤ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፣ ሐቀኛም ነሽ አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እምቢ ማለት ጮክ ብሎ መናገር ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ጮክ ያልኩበትን ቀን ዋጋ አይቼዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ያቺን አንድ ክፍል ቤት እንዳላጣ ፈርቼ ነው።

ሴቶቹ ሰላምታ ነሱኝ። ምሳ ሲበሉ ስመጣ ወሬው ያልቃል። እኔ ከኋላ ስቆም የጨንቻዋ ሴት፣ ሰዓቷ መጣች፣ ዝም በሉ ትቆጥራለች ትላለች። ስሜ በዚያው ሰዓቷ ሆኖ ቀረ፤ አዲስ የሚገቡ ልጆች እውነተኛ ስሜን አያውቁትም። አንድ ቀን አንዷ ልጇን ሆስፒታል አሳድራ መጣችና አሥራ ሁለት ብቻ ቋጨች፤ ከኮታ በታች ስትወርድ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ድሮ ቢሆን አንድ አንድ እየተጨመረላት ታልፍ ነበር። አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤዋን ተቀብላ ስታልፍ እግሬ ሥር ምራቋን ተፋች። የተፋችውን በጫማዬ አሸሁት።

በእነሱ አልፈርድም፤ ግን አልወዳቸውም። ብጠይቃቸው እንኳ አንዳቸውም አብራኝ ቢሮ አትገባም ነበር። ደብተሩን ያስያዙኝም እነሱ ናቸው። ይህን አስቤ አስቤ ማታ ስተኛ መልሼ እተወዋለሁ፤ ደብተሩን ያወጣው የእኔ እጅ ነው።

ዘንድሮ ዋጋው ተመለሰ። ማን እንደመለሰው አናውቅም፤ ያው እንደቀነሱት ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉት ቀስቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰማያዊ ሆኑ። ኃላፊው ሰብስቦ አመሰገነን፣ ለስላሳና ኬክ ታደለ፤ ትጋታችሁ ፍሬ አፈራ አለ። እኔ ጽፌ ስለማውቅ አውቃለሁ፤ በዚያ ሳምንት በነፍስ ወከፍ የቋጨነው አሥራ ስምንት ነው። በቀይ ጊዜ ሃያ ነበር። ለስላሳውን አልጠጣሁትም ብል ውሸት ነው፣ ጠጣሁት። ግን እሱ ሲያመሰግን ሰነፎች ሲለን ከነበረው የበለጠ ጠላሁት። ያኔም አላየንም፣ አሁንም አላየንም።

ትእዛዙ በዛና ሰው አነሰ። ልምድ ያላቸው የወጡ ሴቶች ካሉ ይጠሩ ተባለ። አክስትሽንም ጥሪያት አለኝ ኃላፊው፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ላንቴ ሄድኩ።

ግቢው በሙዝ ተከቧል፤ መግቢያው ላይ ለመኪና የተዘጋጀ ሙዝ ተቆልሏል። የአጎቴ ሚስት እንግዳ መጣልሽ ብላ ወደ ማድቤት ተጣራች። አክስቴ ከማድቤቱ ጀርባ በርከክ ብላ ትልቁን ድስት በአመድ ትፈትግ ነበር። ጣቶቿ ከበፊቱ ይበልጥ ተጣምመዋል። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ልሥራልሽ ብዬ በርከክ ስል ድስቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

ቆሜ ነገርኳት። ዋጋው ተመልሷል፣ ሰው ይፈልጋሉ፣ አንቺንም ጠርተውሻል አልኳት። አመዱን አራግፋ ውኃ አፈሰሰችበት።

«አሁንም መሐል ትከምራላችሁ?»

«አይከመርም። የየራሳችን ቅርጫት ነው።»

«ሰዓቱን ማን ይይዛል?»

ድስቱን አየሁ። የአጎቴ ሚስት መስማት ፈልጋ በሩ ላይ ቆማለች፣ የዘይት ጠርሙሱን ይዛ።

«እዚህ ይህቺ ታየኛለች» አለች አክስቴ፣ ሴትዮዋ እየሰማች። «እዚያ አንቺ ታዪኛለሽ። ይህቺ ይሻለኛል፤ እሷን እኔ አላሳደግኋትም።»

የአጎቴ ሚስት ወደ ውስጥ ገባች። አክስቴ ድስቱን ገልብጣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች። አትሸኚኝም ወይ ማለት አልቻልኩም። መንገዱ ላይ ባጃጅ እስካገኝ ብዙ ቆምኩ። ከግቢው ማንም አልወጣም።

ሰኞ ኃላፊው ምን አለች አለኝ። አልመጣም ብላለች አልኩት። ለተጠሩት ሴቶች የተዘጋጀ ፎርም ነበረው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መልስ፣ ምክንያት የሚል። ፎርሙን ወደ እኔ ገፋው። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ጻፍኩት። ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ እስክርቢቶው ቆመ።

«የመሥራት ፍላጎት የላትም ብለሽ ጻፊ» አለ። «ሌላ ሥራ አለን።»

ጻፍኩ።